“ተስፋ” የሚባለው እስከ ስንት ዓመቱ ነው? የመቐለ ወጣት ብስክሌተኞችና የዕድሜ ሚዛን

በሀገራችን ስፖርት ክለቦች ዘንድ “ተስፋ” የሚለው ቃል የመዝገብ ቃል ነው። ወደ ዋናው ቡድን ገና ያላደጉ ወጣቶች የሚሰለፉበት ቡድን “ተስፋ ቡድን” ይባላል። ፈረንሳዮችም በብስክሌት ስፖርት ከ23 ዓመት በታች ያሉትን ተወዳዳሪዎች “ኤስፖየር” ይሏቸዋል፤ ፍችው ያው “ተስፋዎች” ማለት ነው። አንድ ወጣት በዚህ መዝገብ ሲገባ ብስክሌት፣ ትጥቅ፣ አሠልጣኝና የወር ክፍያ ያገኛል። ስሙ ሲሰረዝ ደግሞ ብስክሌቱን አስረክቦ ይሄዳል። እንግዲህ “ተስፋ ማን ነው? እስከ መቼስ ተስፋ ይባላል?” የሚለው ጥያቄ የሰው ሕይወት የሚወሰንበት ጥያቄ ነው። በመቐለ ከተማ ደግሞ ጥያቄው ከሌላው ሥፍራ ይልቅ ከብዷል፤ ምክንያቱን በየደረጃው እናያለን።

መቐለ ብስክሌት ወዳድ ከተማ ናት። ውድድር በሚካሄድበት ዕለት አስፋልቱ ለመኪና ይዘጋል፤ ሕዝቡም ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፎ ተወዳዳሪዎቹን በስማቸው እየጠራ ያበረታታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የቱር ደ ፍራንስን ውድድር በመሳተፍ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ፅጋቡ ግርማይ የወጣው ከዚህ አካባቢ ነው። ፅጋቡ የተወለደው እ.ኤ.አ. ነሐሴ ወር 1991 ነው። ስለዚህ ከ23 ዓመት በታች በሚለው ምድብ ሊቆጠር የሚችልበት የመጨረሻ ዓመት 2013 ነበር። ቱር ደ ፍራንስን የጀመረው ግን “ተስፋነቱ” በደንብ ካበቃ በኋላ በሦስተኛው የውድድር ዘመን ነው። ይህን ቁጥር አንባቢ በልቡናው ያኑረው።

ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት (ዩ.ሲ.አይ) ዕድሜን የሚያሰላበት መንገድ እጅግ ቀላል ነው። ውድድሩ ከሚካሄድበት ዓመት ላይ የልደት ዓመት ይቀነሳል፤ ወሩና ቀኑ አይታይም። ውጤቱ 17 ወይም 18 ከሆነ ተወዳዳሪው ወጣት (ጁኒየር) ነው፤ ከ19 እስከ 22 ከሆነ ከ23 ዓመት በታች ይመደባል። የዓለም አትሌቲክስም በተመሳሳይ መንገድ፣ በውድድሩ ዓመት ዲሴምበር 31 ቀን 18 ወይም 19 ዓመት የሚሆነውን ከ20 ዓመት በታች ይለዋል።

ዕድሜ ብቻውን ግን ሁልጊዜ በቂ ሆኖ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2021 በቤልጅየም በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ ከ23 ዓመት በታች በሚለው ምድብ የብር ሜዳልያ ሲወስድ፣ በከፍተኛው የፕሮፌሽናል ደረጃ የሚወዳደር ቡድን አባል ነበር። በዕድሜው ተስፋ፣ በሥራው ግን ባለሙያ ነበር ማለት ነው። በ2025 የዓለም ሻምፒዮናው ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በኪጋሊ ሲካሄድ ሕጉ ተለውጦ ነበር፤ የሁለቱ ከፍተኛ የፕሮፌሽናል ደረጃ ቡድኖች አባላት ዕድሜያቸው ቢፈቅድም በወንዶች ከ23 ዓመት በታች ውድድር መሳተፍ አልቻሉም።

ከእኛ እጅግ በራቀው የበረዶ ሆኪ ስፖርትም ያው ክርክር ተነሥቷል። በሰሜን አሜሪካው ሊግ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች የሚሸለመው “ካልደር” የተባለ ዋንጫ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 ይህን ሽልማት የወሰደው ሰርጌይ ማካሮቭ ነበር፤ ዕድሜው 31፣ ከዚያ በፊትም ለሶቪየት ኅብረት ረጅም ዘመን ተጫውቶ የዓለምና የኦሊምፒክ ሻምፒዮን የሆነ ሰው! ለሊጉ አዲስ ነው፤ ለስፖርቱ ግን ሽማግሌ ነው። ከዚያ ወዲህ የሽልማቱ ዕጩ የውድድር ዘመኑ በሚጀምርበት ዓመት ሴፕቴምበር 15 ቀን 26 ዓመት ያልሞላው እንዲሆን ተደነገገ። ከዕድሜው ጋር የጨዋታ ቁጥርም ይታያል፦ ከዚያ በፊት ባሳለፈው በአንድም የውድድር ዘመን ከ25 ጨዋታ በላይ ያልተጫወተ፣ እንዲሁም በሁለት የውድድር ዘመናት በእያንዳንዳቸው 6 ጨዋታ ያልሞላ መሆን አለበት። ሆኪዎቹ፣ ዕድሜና ልምድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በሕግ ጽፈው አስቀምጠዋል ማለት ነው። እኛ ዘንድ ግን ሁለቱን በአንድ ሚዛን መመዘን የተለመደ ነው።

ሚዛኑ ራሱ ደግሞ በሀገራችን የራሱ ጣጣ አለው። የ1998 ዓ.ም. ልደት ያላቸው ሁለት ልጆችን እንውሰድ፤ አንዱ በኅዳር፣ ሌላው በጥር የተወለዱ ናቸው። በትምህርት ቤት መዝገብ እኩያሞች ናቸው፤ እንዲያውም የኅዳሩ ልጅ ታላቅ ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ግን የኅዳሩ ልጅ የ2005፣ የጥሩ ደግሞ የ2006 ተወላጅ ነው። ስለዚህ በ2025 በሚካሄድ የአትሌቲክስ ውድድር የጥሩ ልጅ ከ20 ዓመት በታች ሲሰለፍ፣ በሁለት ወር የሚበልጠው የኅዳሩ ልጅ ከአዋቂዎች ጋር ይሮጣል። ድንበሩ ያለው በ22 እና በ23 ታኅሣሥ መካከል ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ያሉት 112 ቀናት ወደ ፈረንጅ ዓመት ሲለወጡ 7 ይደመርላቸዋል፤ ለቀሩት ቀናት ግን 8 ነው የሚደመረው። የልደት ወሩን የማያውቅ፣ ዓመቱን ብቻ የሚናገር ወጣት ጽሕፈት ቤት ሲቀርብ፣ ጸሐፊው 7 መደመር ከለመደ ልጁ በአንድ ዓመት ሊያረጅ፣ 8 መደመር ከለመደ ደግሞ በአንድ ዓመት ሊያንስ ይችላል። እዚህ ላይ ማጭበርበር የለም፤ የሒሳብ ልማድ ብቻ ነው። ከ23 ዓመት በታች የሚለው ምድብ ግን በጠቅላላው አራት ዓመት ነው፤ ከአራቱ አንዱ በመደመር ስሕተት ይጠፋል።

የልደት ምዝገባ ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ሀገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በተግባር የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት መካከል ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በፊት የተወለዱት የዛሬ ተወዳዳሪዎች ማስረጃቸው የክርስትና ቀን፣ የእናት ትውስታ ወይም የትምህርት ቤት ካርድ ነው።

አንድ ነገር ልብ ይሏል። የካናዳው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮጀር ባርንስሊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት፣ የልደት ድንበራቸው ጃንዋሪ 1 በሆነ የሆኪ ሊጎች ውስጥ በዓመቱ የመጀመሪያ ሦስት ወራት የተወለዱ ተጫዋቾች በመጨረሻዎቹ ወራት ከተወለዱት እጅግ እንደሚበዙ አሳይተዋል። በአሥር ዓመት ዕድሜ የአሥራ አንድ ወር ልዩነት ማለት የቁመትና የጉልበት ልዩነት ነው፤ አሠልጣኙ ግን ልዩነቱን ተሰጥኦ መስሎት ይመርጠዋል። በኢትዮጵያ የመስከረም ልጅ በክፍሉ ታላቅ ሆኖ ሲያድግ፣ በዓለም አቀፉ ምድብ ግን ከታናናሾቹ ወገን ይሆናል። በየትኛው መዝገብ እንደተመረጠ ካላወቅን በስተቀር፣ ጠንካራ የሆነው በተሰጥኦው ይሁን በልደት ወሩ መለየት አይቻልም።

“ታዲያ ሳይንስ ዕድሜን ከአካል ላይ ማንበብ አይችልምን?” የሚል አንባቢ ይኖራል። በከፊል ይችላል። በማደግ ላይ ባለ ልጅ ረጃጅም አጥንቶች ጫፍ አጠገብ ገና ያልጠነከረ ስስ ንጣፍ (ካርቲሌጅ) አለ፤ አጥንቱ የሚረዝመው በዚህ ንጣፍ ላይ ነው። ዕድገት ሲያበቃ ንጣፉ ወደ አጥንት ተለውጦ ይዘጋል። የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን (ፊፋ) እ.ኤ.አ. በ2009 ናይጄሪያ ላይ ከተካሄደው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ጀምሮ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤም.አር.አይ መሣሪያ መመርመር ጀምሯል። ንጣፉ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ከተገኘ ልጁ ከ17 ዓመት በላይ የመሆኑ ዕድል እጅግ ከፍተኛ ነው።

ምርመራው ግን ሁለት ድክመት አለበት። የመጀመሪያው፣ አንዴ ከተዘጋ በኋላ የ19 እና የ23 ዓመቱን መለየት ስለማይችል፣ እኛ ለምንነጋገርበት የዕድሜ ክልል ምንም አይረዳም። የሴቶች አጥንት ቀድሞ ስለሚዘጋም ለእነርሱ አይሠራም። ሁለተኛው ድክመት ከምግብ ጋር ይያያዛል። የአጥንት ዕድሜን ከራጅ ፎቶግራፍ ለማንበብ በዓለም ላይ በሰፊው ያገለገለው የግሮይሊክና የፓይል መድበል የተዘጋጀው እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ በኑሮ የተሻሉ ቤተሰቦች ልጆች ላይ በተወሰደ መረጃ ነው። ለረጅም ጊዜ የምግብ እጥረት የደረሰበት ልጅ የአጥንቱ መጎልመስ ይዘገያል፤ ጉርምስናውም እንዲሁ። እንዲህ ያለው ልጅ በዓመታት ቁጥር 17 ሆኖ በአካሉ 15 ሊመስል ይችላል። ለውድድር ሲሰለፍ ከእኩዮቹ ያንሳል፤ “ይህ ልጅ አይሆንም” ይባላል። ዕድገቱን ገና አልጨረሰም፤ ሊያድግ የሚችልበት ጊዜ ቀርቶታል። አሠልጣኙ ግን የሚያየው የዛሬውን ቁመት ነው።

ወደ መቐለ እንመለስ። ትምህርት ቤቶች በኮቪድ ምክንያት በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ተዘጉ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተቀሰቀሰ፤ የፕሪቶርያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በአብዛኛው የትግራይ ክፍል ትምህርት እስከ 2015 ዓ.ም. አልተጀመረም፤ ታዳጊዎች የሚታዩበት የትምህርት ቤቶች ውድድርም አብሮ ጠፋ። በ2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን የነበረው መቐለ 70 እንደርታ ከሊጉ ወጥቶ የተመለሰው በ2017 ዓ.ም. ነው። ስለ ሰው ሕይወት መጥፋትና ስለ ረኀቡ ሌሎች ጽፈዋል፤ ይጽፋሉም። የእኛ ርእስ ጠባብ ነው፤ በዚያ መሐል በሕይወት ተርፎ ዛሬ ብስክሌት ይዞ የመጣውን ወጣት እንዴት እንቁጠረው?

እ.ኤ.አ. በ2001 የተወለደ ብስክሌተኛ በ2020 የውድድር ዓመት 19 ዓመቱ ነበር፤ ከ23 ዓመት በታች የሚለውን ምድብ የሚጀምርበት ጊዜ ማለት ነው። ሰላም ሲወርድ 21 ሆኗል፤ በ2023 ልምምዱን እንደገና ሲጀምር 22፣ ይኸውም የመጨረሻ ዓመቱ ነው። ከአራቱ ዓመታት ሦስቱ ሳይወዳደርባቸው አልፈዋል። የቀን መቁጠሪያው ግን ለአንድም ቀን አልቆመም።

አካሉስ? ኤድዋርድ ኮይልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት በሚገባ የሠለጠኑ ስፖርተኞች ልምምድ ሲያቆሙ ምን እንደሚሆኑ ተከታትለው ነበር። ከፍተኛው ኦክስጅን የመጠቀም አቅማቸው በ3 ሳምንት ውስጥ 7 በመቶ፣ በ8 ሳምንት 16 በመቶ ያህል ቀነሰ። በመጀመሪያ የሚቀንሰው የደም መጠኑና ልብ በአንድ ምት የምትረጨው ደም ነው። የሚያስደንቀው፣ በጡንቻ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ብዛት በዚያ ጊዜ ሁሉ አለመቀነሱ ነው። ይህ የሚያስተምረን፣ ከረጅም ዕረፍት በኋላ የሚደረግ የመጀመሪያ ፈተና የሚለካው የዕረፍቱን ርዝመት እንጂ የልጁን አቅም እንዳልሆነ ነው። ለክለብ ምልመላ አንድ ቀን ተጠርተው፣ አንድ አቀበት ወጥተው፣ በዚያው ዕለት ስማቸው የተለጠፈና ያልተለጠፈ ወጣቶችን ስናስብ የመለኪያው ነገር ያሳስበናል።

በነገራችን ላይ ከአውሮፓ የተገለበጡ የብቃት ሠንጠረዦችን መቐለ ላይ እንዳሉ መጠቀምም ትክክል አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ወደ 78 በመቶ ዝቅ ይላል። በዚህ ከፍታ የተለካ ኃይል ባሕር ዳር ከተለካው ማነሱ የማይቀር ነው።

በለጋነቱ ጎልቶ የወጣ፣ አድጎም ጎልቶ ይወጣልን? በጀርመን አገር የሚሠራው አርነ ጉሊሽ ከባልደረቦቹ ጋር ቀደም ያሉ ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2023 ያሳተመው ትንታኔ መልሱን በቁጥር አስቀምጦታል። በ17 እና 18 ዓመታቸው በዓለም አቀፍ ደረጃ ከተወዳደሩት መካከል 89 በመቶ ያህሉ በአዋቂነታቸው ያንን ደረጃ አልደረሱበትም። በሌላ በኩል በዓለም አቀፍ ደረጃ ከሚወዳደሩት አዋቂዎች 82 በመቶ ያህሉ በዚያ ዕድሜያቸው እዚያ ደረጃ ላይ አልነበሩም። ሁለቱ ቡድኖች በአብዛኛው የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

ከትግራይ የወጡት ታላላቅ ሯጮች ይህን አባባል የሚቃረኑ ይመስላሉ። ለተሰንበት ግደይ በዓለም አገር አቋራጭ የወጣቶች ውድድር በ2015 እና በ2017 (እ.ኤ.አ.) አሸንፋ፣ በኋላ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራለች። ጉዳፍ ፀጋይ በ2014 በዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና በ1,500 ሜትር ብር ወስዳ፣ በ2022 በ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ሐጎስ ገብረሕይወት በ2012 በ18 ዓመቱ 5,000 ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ47.53 ሰከንድ ሮጧል። ነገር ግን እነዚህን ስሞች የምናውቃቸው ስለተሳካላቸው ነው፤ በዚያው መሥመር ላይ አብረዋቸው የቆሙትን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ደግሞም ጊዜውን እንመልከት፦ ጉዳፍ ከብሩ እስከ ወርቁ 8 ዓመት ቆይታለች። ሐጎስ የምንጊዜውንም ምርጥ ሰዓቱን፣ 12፡36.73፣ ያስመዘገበው በ2024 በ30 ዓመቱ ነው። በጽናት ስፖርት ሞተሩ የሚሠራው በዓመታት ልምምድ ስለሆነ፣ በ22 ዓመት መዝገብ መዝጋት ሰብሉ እሸት ሳለ እንደ ማጨድ ነው።

ስለዚህ የልምምድ ዕድሜ የሚባለው መለኪያ በዕድሜው ጎን መጻፍ አለበት እንላለን። አንድ ምሳሌ እናብጅ። አንደኛው ብስክሌተኛ 18 ዓመቱ ነው፤ አምስት ዓመት ሠልጥኗል፤ አንድን አቀበት በ24 ደቂቃ ይወጣል፤ ካለፈው ዓመት ያሻሻለው 10 ሰከንድ ነው። ሁለተኛው 22 ዓመቱ ነው፤ ያለ መቋረጥ የሠለጠነው ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ያንኑ አቀበት በ24 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ይወጣል፤ በዓመት ውስጥ ያሻሻለው ግን 90 ሰከንድ ነው። በሰዓቱ ብቻ ብንሄድ አንደኛው ተስፋ ነው፤ በዕድሜውም ብንሄድ አንደኛው ነው። በመሻሻል ፍጥነት ብንሄድ ግን ሁለተኛው ነው። እርግጥ ጀማሪ ሁሉ በፍጥነት ስለሚሻሻል ፍጥነቱ እንዳለ ይቀጥላል ብሎ መገመት የዋህነት ይሆናል። ለዚህ ነው በአንድ ቀን ፈንታ ከሦስት እስከ አራት ወር በየሁለት ሳምንቱ፣ በዚያው አቀበት ላይ መለካት የሚያስፈልገው። መሥመሩ ወዴት እንደሚጎነብስ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ወጪውም አንድ የእጅ ሰዓትና አንድ ደብተር ነው።

የዚህን ሐሳብ ተቃራኒም አቅልለን አናየውም። የክለብ ብስክሌቶች ቁጥር የተወሰነ ነው። ለ22 ዓመቱ ወጣት የተሰጠች አንዲት ብስክሌት ለ16 ዓመቱ ታዳጊ ያልተሰጠች ብስክሌት ናት፤ ያ ታዳጊም በጦርነቱ ዘመን 10 እና 11 ዓመቱ ነበር፤ እርሱም ርቦት አድጓል። የዕድሜ ምድብ የተሠራውም ታናሹን ከታላቁ ጉልበት ለመጠበቅ ነው። ስለዚህ የውድድሩ ምድብ በዕድሜ ይቆይ፤ ዓለም አቀፉ ሕግም ሌላ አይፈቅድም። የክለቡ መዝገብ ግን የክለቡ ነው። አንድን ወጣት በአዋቂዎች ምድብ እያወዳደሩ በተስፋ መዝገብ ማቆየት የሚከለክል ሕግ የለም። ከዚያ መዝገብ ላይ ከልደት ዓመቱ ቀጥሎ የልደት ወሩ፣ ልምምድ የጀመረበት ዓመት፣ ያቋረጠባቸው ወራትና ምክንያታቸው፣ በየሁለት ሳምንቱ የተለካው ሰዓት ቢጻፍ፣ አሠልጣኙ ሲቀንስም ሆነ ሲያቆይ የሚያሳየው ማስረጃ ይኖረዋል።

እ.ኤ.አ. በ2004 የተወለዱት፣ ጦርነቱ ሲጀመር 16 ዓመታቸው የነበሩት ብስክሌተኞች፣ ከ23 ዓመት በታች የሚባሉበት የመጨረሻ ቀን ዲሴምበር 31 ቀን 2026 ነው። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 2019 ዓ.ም. ይውላል።